«አይሆንም» የተባለውን ላደረጉ፦ የዋና ቡድን ኬሚስትሪ ሽልማቶች ምንን ሲያከብሩ ኖሩ?

በ2022 የጀርመን ኬሚስቶች ማኅበር ለአሥርት ዓመታት ሲሰጠው የኖረውን የአንድ ሽልማት ስም ለወጠ። ሽልማቱ በኢኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጎልቶ ለወጣ የቤተ ሙከራ ሥራ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሲጠራ የኖረው በአልፍሬድ ሽቶክ ስም ነበር። አሁን የማሪያነ ባውድለር ሽልማት ተብሏል። ሽቶክ የቦሮንን ኬሚስትሪ ከባዶ ያነሱ ሰው ናቸው፤ የናዚ ፓርቲ አባልና የአይሁድ ጠላትም ነበሩ። ባውድለር ደግሞ በኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ዕድሜያቸውን ከፎስፎረስ ጋር ያሳለፉ ሴት ናቸው፤ በ1986 ይህንኑ ሽልማት በሽቶክ ስም ተቀብለውታል። ዛሬ ተራው ደርሶ ሌሎች በእሳቸው ስም ይቀበሉታል።

ነገሩ የአንድ ማኅበር የቤት ውስጥ ጉዳይ ይመስላል። ግን ከሥሩ በሙያው ውስጥ ሲንከባለል የኖረ ጥያቄ አለ። በዋና ቡድን ኬሚስትሪ ሰው የሚሸለመው በምን ሚዛን ተመዝኖ ነው? በግኝቱ ነው፣ ግኝቱ በሰጠው ጥቅም ነው፣ ወይስ በሰውየው ማንነት? ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን የሽልማት ታሪክ መለስ ብሎ ላየ ሰው መልሱ አንድ ወጥ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በየትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ያስታውሱታል። መካከሉ ላይ ዝቅ ብሎ የተዘረጋው ሜዳ የሽግግር ብረቶች ሰፈር ነው፤ ብረት፣ መዳብ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም እዚያ ናቸው። በግራ በኩል ያሉት ሁለት ዓምዶችና በቀኝ በኩል ያሉት ስድስቱ ግን «ዋና ቡድን» ይባላሉ። ከአፋር በግመል ተጭኖ የሚወጣው አሞሌ ጨው የእነዚህ የሁለት ዳሮች ጋብቻ ነው፤ ሶዲየሙ ከግራ ጫፍ፣ ክሎሪኑ ከቀኝ። ከምድር ቅርፊት ክብደት ሦስት አራተኛ የሚሆነው ኦክስጅንና ሲሊከን ብቻ ነው፤ ሁለቱም የዋናው ቡድን ልጆች ናቸው። ካርቦን የራሱን ትልቅ መንግሥት፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን፣ መሥርቶ ስለወጣ የቀሩት በኢኦርጋኒኩ ጥላ ሥር ይቆጠራሉ።

የዚህ ሰፈር ችግር ከመታወቁ የመጣ ነው። ጨውና ድኝ የማያውቅ የለም፤ «ከዚህ ወዲያ ምን ይገኝበታል?» የሚል ስሜት በሙያው ውስጥ ሥር ሰደደ። በ1951 ፌሮሲን የተባለው የብረት ውህድ ሲገኝ ደግሞ የኬሚስቱ ዓይን ሁሉ ወደ መካከለኛው ሜዳ ዞረ። ቀለም ያለው እዚያ፣ ካታሊስት የሚሆነው እዚያ፣ የ1973ቱ የኖቤል ሽልማትም ለኧርንስት ፊሸርና ለጄፍሪ ዊልኪንሰን እዚያው ሄደ። ዳርና ዳሩ የመማሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፎች ሆነው ቀሩ።

እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ ሽልማት ከገንዘቡና ከሜዳሊያው ይበልጥ ሌላ ሥራ አለው። «እዚህም ሰው አለ» ብሎ ይመሰክራል።

ከታላላቆቹ ምሳሌዎች ቀዳሚው ፍሎሪን ነው። ፍሎሪን ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ጋዝ በመሆኑ ለብቻው ነጥሎ ማውጣት በ19ኛው መቶ ዘመን የኬሚስት መቅሰፍት ነበር። አየርላንዳውያኑ የኖክስ ወንድማማቾች ተመረዙበት፤ ቤልጅጋዊው ፖሊን ሉዬና ፈረንሳዊው ዤሮም ኒክሌስ ሕይወታቸውን ከፈሉበት። አንሪ ሟሳንም መርዙ እየጣላቸው ሥራውን ደጋግመው አቋርጠዋል። በመጨረሻ ጁን 26 ቀን 1886 ፓሪስ ውስጥ፣ ከፕላቲነምና ከኢሪዲየም በተሠራ ቱቦ ውስጥ በቀዘቀዘ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ላይ ኤሌክትሪክ ለቀቁ። በአንደኛው ጫፍ የወጣው ጋዝ ሲሊከንን ገና ሲነካው በእሳት አቀጣጠለው።

የሳይንስ አካዳሚው ጉዳዩን እንዲያዩ ሦስት ሊቃውንት ላከ፤ ከመካከላቸው አንዱ የሟሳን የቀድሞ መምህር ኤድሞን ፍሬሚ ነበሩ። እነሱ ፊት ማሽኑ እምቢ አለ። አንዲት ጋዝ አልወጣችም። ሟሳን እንግዶቹን ለማክበር ሲሉ አሲዱን ከወትሮው አብልጠው አጥርተውት ነበር፤ ያ ጥራት ነው የከዳቸው። በቀደሙት ሙከራዎች ኤሌክትሪኩን ያሳለፈው በፈሳሹ ውስጥ የነበረው ጥቂት የፖታሲየም ጨው ነበር። ጨው ሲጨመርበት ፍሎሪኑ መጣ።

በ1906 የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ለሟሳን ተሰጠ፤ ለፍሎሪኑና በስማቸው ለሚጠራው የኤሌክትሪክ ምድጃ። ዛሬ ብዙዎች ያን ዓመት የሚያስታውሱት ግን ባልተሸለመው ሰው ነው። የኖቤል ኮሚቴ ያቀረበው ሰንጠረዡን የሠሩትን ዲሚትሪ ሜንዴሌቭን ነበር፤ አካዳሚው ሐሳቡን ገልብጦ ሟሳንን መረጠ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1907 ፌብሩዋሪ፣ ሁለቱም በሳምንታት ልዩነት ሞቱ። ሰንጠረዡን የሳለው ሳይሸለም፣ በሰንጠረዡ ላይ ያለውን አንድ ንጥረ ነገር ነጥሎ ያወጣው መሸለሙ ፍርደ ገምድል ነው የሚሉ አሉ። የሟሳን ሥራ ግን ማንም የማይደፍረው እሳት ውስጥ እጅ መክተት ነበር። የሜንዴሌቭ መዘለል እሱን አያሳንሰውም።

ቦሮን ረጅሙ ታሪክ ነው፤ ሽቶክም የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው።

ሽቶክ ሥራቸውን ሲጀምሩ ቦሮንና ሃይድሮጅን የሚሠሩአቸው፣ ዛሬ ቦሬን የሚባሉት ጋዞች ስም እንኳ አልነበራቸውም። አየር ሲነካቸው የሚቃጠሉ፣ እርጥበት ሲያገኛቸው የሚፈርሱ፣ ሽታቸው የሚያቅለሸልሽ ውህዶች ናቸው። ሽቶክ ለእነሱ ሲሉ ሙሉ በሙሉ ከብርጭቆ የተሠራ የቱቦ መረብ ዘረጉ። አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል፤ ጋዙ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚሻገረው በፈሳሽ አየር እየቀዘቀዘና መልሶ እየሞቀ ነው። የቅባት ነገር ጋዙን ስለሚያበላሽ በር የሚከፍቱና የሚዘጉት በሜርኩሪ፣ አባቶቻችን ባዜቃ በሚሉት ፈሳሽ ብረት፣ የሚሠሩ ቫልቮች ነበሩ። ክፍሉ በሜርኩሪ ተሞላ። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ሽቶክ ራስ ምታቱ፣ ማዞሩ፣ የመስማት ችግሩና መርሳቱ በረታባቸው። ምክንያቱን ያወቁት በ1924 ነው። በ1926 የሜርኩሪ ትነት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አሳትመው፣ የቀረ ዕድሜያቸውን ያንን በመስበክ አሳለፉ። ዛሬ በየቤተ ሙከራው ሜርኩሪ ሲፈስ የሚደነግጥ ሰው ሁሉ ከእሳቸው ስቃይ የተማረ ነው። ብረት ከሚለው ስም ጎን በቅንፍ የሮማ ቁጥር የሚጽፍ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም የሚከተለው የሽቶክን ዘዴ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ስም ከሽልማት ላይ ይፋቃል? የጀርመን ኬሚስቶች ማኅበር አዎን ብሏል፤ ይህ ጸሐፊም ትክክል ነው ብሎ ያምናል። የቱቦው መረብም፣ የሮማ ቁጥሩም፣ ማስጠንቀቂያውም በመጻሕፍቱ ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ ማንም አልነካቸውም። የተወሰደው ወጣት ተመራማሪ መድረክ ላይ ቆሞ «የእሳቸው ልጅ ነኝ» እንዲል የሚጠይቀው ክብር ነው። ሽልማት ውርስ ነው፤ ከማን እንደሚወርስ መጠየቅ ደግሞ የወራሹ መብት ነው።

የቦሮኑ ጉዞ ግን ከሽቶክ ጋር አልቆመም። ከጋዞቹ ትንሿ፣ ዳይቦሬን፣ በኤሌክትሮን ሒሳብ መኖር የማይገባት ነገር ነበረች። ሁለት ቦሮንና ስድስት ሃይድሮጅን በተለመደው መንገድ ለመያያዝ 14 ኤሌክትሮን ይፈልጋሉ፤ ያላቸው ግን 12 ብቻ ነው። ክሪስቶፈር ሎንጌት ሂጊንስ የተባለ ገና ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው የኦክስፎርድ ተማሪ በ1943 ከመምህሩ ከሮናልድ ቤል ጋር ሆኖ መልሱን አወጣ፦ ሁለቱ ሃይድሮጅኖች በሁለቱ ቦሮኖች መካከል እንደ ድልድይ ተዘርግተዋል፤ በአንድ ጥንድ ኤሌክትሮን ሦስት አቶም ይታሰራል። ዊሊያም ሊፕስኮም ይህን ሐሳብ ወደ ትላልቆቹ ቦሬኖች አስፋፍተው፣ ቅርጻቸውን በኤክስሬይ አንብበው በ1976 ኖቤል ተሸለሙ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ ሌላ የቦሮን ኖቤል መጣ። ኸርበርት ብራውን ከጆርጅ ቪቲግ ጋር ተካፈሉት፤ ቪቲግ የፎስፎረስ ሰው ነበሩ። ብራውን ወደ ቦሮን እንዴት እንደገቡ ሲናገሩ ሁሌ የሚያነሷት ነገር አለች። በ1936 ቺካጎ ውስጥ ሲመረቁ፣ በኋላ ባለቤታቸው የሆነችው ሳራ ቤይለን አንድ መጽሐፍ በስጦታ አበረከተችላቸው፤ የሽቶክን የቦሮንና የሲሊከን ሃይድራይዶች። የመረጠችው በመደብሩ ከነበሩት የኬሚስትሪ መጻሕፍት ሁሉ ርካሹ ስለነበረ ነው፤ ሁለት ዶላር ገደማ። ዘመኑ የድህነት ዘመን ነበር። ብራውን አነበቡት፤ ወደ ኸርማን ሽሌዚንገር ቤተ ሙከራ ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ከቦሮን አልወጡም።

የብራውን መጽሐፍ ደግሞ ሳፖሮ፣ ጃፓን፣ አንድ መጻሕፍት ቤት ውስጥ በአኪራ ሱዙኪ እጅ ገባ። ሱዙኪ ተማርከው ወደ አሜሪካ ሄደው ከብራውን ጋር ሠሩ። ተመልሰው ያገኙት ዘዴ፣ ቦሮን ያለበትን ውህድ በፓላዲየም ረዳትነት ከሌላ ካርቦን ጋር የሚያገጣጥመው፣ ዛሬ በዓለም የመድኃኒት ፋብሪካዎች ሁሉ ይሠራበታል። በ2010 የኖቤል ተካፋይ አደረጋቸው። አብሯቸው የተሸለሙት ኤይ ኢቺ ኔጊሺም የብራውን ቤተ ሙከራ ልጅ ናቸው። ራሱ ቦሮን በውስጡ ያለው ቦርቴዞሚብ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ በአሜሪካ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር መድኃኒት ሆኖ ይሰጣል።

እንግዲህ ከሽቶክ ሜርኩሪ እስከ ሱዙኪ መድኃኒት ያለው መስመር ሲታይ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። ታላላቆቹ ሽልማቶች የመጡት ጥቅሙ ከታየ በኋላ ነው። ሽቶክ ቦሬን ሲሠሩ ለምን ይጠቅማል ቢባሉ የሚመልሱት አልነበራቸውም።

በሲሊከን በኩል ያለው ታሪክ ይህን ያጠናክራል። ፍሬድሪክ ኪፒንግ በኖቲንግሃም አርባ ዓመት ገደማ ሲሊከንን ከካርቦን ጋር ሲያያይዙ ኖሩ። ብርጭቆው ውስጥ እየተለጠፈ የሚያስቸግራቸውን ሙጫ መሰል ነገር እንደ ጉድፍ አዩት። በ1930ዎቹ በሮያል ሶሳይቲ በሰጡት ታላቅ ንግግር ላይ መስኩ በቅርብ ትልቅ እርምጃ ያሳያል ብለው ተስፋ እንደማያደርጉ ተናገሩ። ብዙ አልቆየም። በ1940 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ዩጂን ሮቾ የሲሊከን ዱቄትን ከመዳብ ጋር አሙቀው ሜቲል ክሎራይድ አሳለፉበት፤ በጀርመንም ሪቻርድ ሙለር ለብቻቸው ወደዚያው ደረሱ። ያ ሙጫ ሲሊኮን ሆኖ የመስኮት መስታወት ማጣበቂያ፣ የሕፃን ጡጦ ጫፍ፣ የዳቦ መጋገሪያ ቅርጽ ሆነ።

የአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር በዳው ኮርኒንግ ኩባንያ ድጋፍ ያቋቋመው የሲሊከን ሽልማት በእኒያ ተስፋ በቆረጡት ሰው፣ በኪፒንግ፣ ስም ይጠራል። ይህ ከሽልማት ስሞች ሁሉ ደስ የሚለው ነው። ፍሬውን ሳያይ የተከለውን ሰው ያከብራልና። በ1965 ሮቾም ተቀብለውታል። በ1971 የተቀበሉት ደግሞ አለን ማክዳያርሚድ ናቸው፤ በኒውዚላንድ የተወለዱ፣ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሲሊከን ኬሚስት። ማክዳያርሚድ በኋላ ከድኝና ከናይትሮጅን ብቻ የተሠራ፣ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ረጅም ሰንሰለት ሲያጠኑ ቆዩ። ቶኪዮ ውስጥ ስለ እሱ ንግግር አድርገው ሻይ ሲጠጡ ሂደኪ ሺራካዋ የራሳቸውን ብርማ ፕላስቲክ አሳዩአቸው። ከዚያች ሻይ የተጀመረው ሥራ በ2000 ሁለቱንና አለን ሂገርን ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ የኖቤል ተሸላሚ አደረጋቸው። ትንሹ ሽልማት ሰውየውን ከትልቁ 29 ዓመት ቀድሞ አይቶታል።

ትልቁ ሽልማት ፈጽሞ ያላያቸውም አሉ። ኒል ባርትሌት በዚህ ዝርዝር ፊት ላይ ናቸው።

በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ አንድ አረፍተ ነገር ነበረ፦ ሂሊየም፣ ኒዮን፣ አርጎን፣ ክሪፕተን፣ ዜነን ከማንም ጋር አይጣመሩም። ላይነስ ፖሊንግ በ1933 ዜነን ከፍሎሪን ጋር ሊዋሃድ ይችላል ብለው ገምተው ነበር፤ በካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩ ባልደረቦቻቸው ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀረ። በሩ በዚያው ተዘጋ። ባርትሌት በቫንኩቨር፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላ ነገር ሲሠሩ ፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ የተባለው ጋዝ ከኦክስጅን ሞለኪውል እንኳ ኤሌክትሮን እንደሚነጥቅ አወቁ። ይህ ራሱ ማንም ያልጠበቀው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሠንጠረዥ ሲመለከቱ ከዜነን ኤሌክትሮን ለመንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ከኦክስጅኑ ጋር እኩል ለመሆን ትንሽ እንደቀረው አስተዋሉ። ኦክስጅን ከተነጠቀ ዜነን ለምን ይቀራል?

ማርች 23 ቀን 1962፣ ዓርብ ምሽት። ባርትሌት ብቻቸውን ናቸው። በአንዱ ብርጭቆ ውስጥ ጥቁር ቀይ ጋዝ፣ በሌላው ቀለም የለሽ ዜነን፤ በመካከላቸው ቀጭን የብርጭቆ ግድግዳ። ግድግዳውን ሰበሩት። ቀዩ ጋዝ ወዲያው ጠፋና የብርጭቆው ግድግዳ በቢጫ ብናኝ ተሸፈነ። ባርትሌት የሚነግሩት ሰው ፍለጋ ወደ ኮሪደሩ ሮጡ፤ ሰው ሁሉ ለራት ሄዶ ነበር።

በወራት ውስጥ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች የዜነን ውህዶችን መደርደር ጀመሩ። በ1963 መጀመሪያ ደግሞ የዜነን ውህድ ፈንድቶ ባርትሌትንና ተማሪያቸውን ሆስፒታል አስገባ፤ በዓይናቸው የቀረው የመጨረሻ የብርጭቆ ስባሪ የወጣው ከ27 ዓመት በኋላ ነው። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በ2002 የዴቪ ሜዳሊያ ሰጣቸው፤ ከዚያች ዓርብ ምሽት 40 ዓመት በኋላ። በ2008 ሲሞቱ ኖቤል አላገኙም ነበር። ግኝታቸው ፋብሪካ አልከፈተም፤ ያደረገው ነገር አንድ አረፍተ ነገርን ከመጻሕፍት መሰረዝ ነው። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው ከዚህ የበለጠ ሽልማት የሚገባው ሥራ ጥቂት ነው።

የሚሰረዝ አረፍተ ነገር ሌላም ነበረ። «ከሁለተኛው ረድፍ በታች ያሉ የዋና ቡድን ንጥረ ነገሮች ድርብ ትስስር አይሠሩም» የሚለው። አቶሞቹ ትላልቅ ስለሆኑ ኤሌክትሮኖቻቸው ተቀራርበው ሁለተኛውን ማሰሪያ መጣል አይችሉም ይባል ነበር። በ1970ዎቹ በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ላፐርት ከቆርቆሮ ጋር የሠሩት ሥራ ግድግዳውን ሰነጠቀው። በ1981 ተናደ። በዚያች አንድ ዓመት ውስጥ በዊስኮንሲን ሮበርት ዌስትና ባልደረቦቻቸው የሲሊከንና የሲሊከንን ድርብ ትስስር፣ በጃፓን ማሳኣኪ ዮሺፉጂ የፎስፎረስና የፎስፎረስን፣ በቶሮንቶ አድሪያን ብሩክ የሲሊከንና የካርቦንን አወጡ። ዘዴው ለአገሬ ሰው አዲስ አይደለም፦ የእሾህ አጥር። ድርቡን ትስስር በግዙፍ የካርቦን ቅርንጫፎች ከበው አጠሩት፤ ውጭ ያለ ሞለኪውል ቀርቦ እንዳያፈርሰው። አጥሩ ሲጠነክር ደግሞ በ2004 አኪራ ሴኪጉቺ በጹኩባ የሲሊከንን ሦስትዮሽ ትስስር እንደ ኤመራልድ በሚያበሩ አረንጓዴ ክሪስታሎች አሳዩ፤ በ2012 ሆልገር ብራውንሽቫይግ በቩርዝቡርግ የቦሮንን ጨመሩበት።

እዚህ ላይ አንድ ተቺ «እነዚህ ውድድሮች ናቸው፤ ክሪስታል ሰብስቦ ሜዳሊያ መቀበል» ሊል ይችላል፤ ብለዋልም። መልሱ የመጣው ከ1981 ሃያ ዓመት አልፎ ነው። በ2005 ፊሊፕ ፓወር በካሊፎርኒያ፣ ዴቪስ፣ ከእነዚህ «አይሆኑም» ከተባሉ ውህዶች አንዱ፣ የጀርማኒየም፣ ሃይድሮጅንን በተራ የክፍል ሙቀት እንደሚሰነጥቅ አሳዩ። ሃይድሮጅንን መሰንጠቅ እስከዚያ የፕላቲነም፣ የፓላዲየምና የኒኬል ሥራ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በካናዳ፣ ዊንዘር፣ የዳግላስ ስቲፋን ቡድንም ያለ ምንም የሽግግር ብረት አደረገው። በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ፎስፎረስና ኤሌክትሮን የሚፈልግ ቦሮን አሉ፤ ሁለቱ ሊጋቡ ይሻሉ፣ ግን ዙሪያቸውን የከበባቸው ዘመድ አያቀራርባቸውም። ያ ያልተጠገበ ፍላጎት በመካከላቸው የገባውን ሃይድሮጅን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ሃይድሮጅኑን መልሶ ይለቀዋል። የሚገርመው ኸርበርት ብራውን በ1942 እንዲህ ያለ የማይጋባ ጥንድ አይተው ጽፈው ነበር። ለስልሳ ዓመታት ማንም «ታዲያ ምን ያደርጋል?» ብሎ አልጠየቀም። በ2018 ደግሞ የብራውንሽቫይግ ቡድን በቦሮን ብቻ የአየርን ናይትሮጅን መያዝ ቻለ። ዩሪያ የሚዘራ ገበሬ የሚጠቀመው ናይትሮጅን እስካሁን በብረት ካታሊስት፣ ከ400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትና በከባድ ግፊት ነው የሚያዘው። የቦሮኑ ሥራ ፋብሪካን ለመተካት ገና አልቀረበም፤ ቦሮን ናይትሮጅንን መንካት መቻሉ ግን ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ የሚያምነው አልነበረም።

የዚህ የመጨረሻው ዘመን ሽልማቶች ሌላ ጥያቄ ይዘው መጥተዋል፦ ማን ይሸለም? የ2006ቱ የዊንዘር ጽሑፍ ላይ ቀዳሚው ስም የዶክትሬት ተማሪው የግሪጎሪ ዌልች ነው። የ2018ቱ የናይትሮጅን ጽሑፍም በወጣት ተመራማሪ ስም ይጀምራል። አየር ሲነካው የሚቃጠለውን ጋዝ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የሚያሳልፈው፣ ሌሊት ቆሞ ክሪስታል የሚጠብቀው እጅ የፕሮፌሰሩ አይደለም። የብሪታንያው ሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ኬሚስትሪ በስሙ «የዋና ቡድን ኬሚስትሪ ሽልማት» የሚባል ለግለሰብ ይሰጥ ነበር። በ2019 ባሳተመው ግምገማ ግን ሽልማቶቹ በግለሰብ ላይ ማተኮራቸውን ጠይቆ፣ ለቡድን የሚሰጡ አዳዲስ ሽልማቶችን አቋቋመ፤ ቴክኒሺያኑም ተማሪውም በስሙ ይጠራል። ይህ መልካም ነው። ስጋቱ ግን አለ። ጠባብ መስክ እንዲህ ባሉ ሰፋፊ ሽልማቶች ውስጥ ሲገባ መልሶ ይረሳል። የቦሮን ሰው ከመድኃኒትና ከባትሪ ሰዎች ጋር በአንድ ሚዛን ሲቀመጥ፣ ዳኛው እንደ ጥንቱ ጥቅሙን መጠየቁ አይቀርም። በ2019 ኖቤል ያገኘው የሊቲየም ባትሪም ቢሆን የተሸለመው ሊቲየም የዋና ቡድን ልጅ ስለሆነ ሳይሆን በየኪሱ ስላለ ነው።

ጥቅሙን ካነሱ አይቀር፣ ሽልማቶቹ እስካሁን ያላዩት ጥግ አለ። በስምጥ ሸለቆአችን የሚወጣው የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እጅግ ይበልጣል። የወንጂ አካባቢ ሠራተኞች ጥርሳቸው መወየቡ፣ ሲበረታም አከርካሪያቸው መድረቁ በነርቭ ሐኪሙ በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና በባልደረቦቻቸው ሲጠና ኖሯል። ሟሳን በፕላቲነም ቱቦ ነጥለው ያወጡት ንጥረ ነገር ማለት ነው፤ እዚህ ግን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየታጠበ ወደ እንስራ ይገባል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ የከብት አጥንት ነው። አጥንቱ አየር በተነፈገ ምድጃ ተቃጥሎ ይከሰላል፣ ይደቅቃል፣ በበርሜል ይሞላል፤ ውሃው በላዩ ሲያልፍ ፍሎራይዱ በካልሲየምና በፎስፎረሱ መካከል ገብቶ ይቀራል። ጥርስን የሚያወይበው ትስስር ራሱ በበርሜሉ ውስጥ ውሃውን ያጠራል። ካልሲየም፣ ፎስፎረስ፣ ኦክስጅን፣ ፍሎሪን፤ ከመካከለኛው ሜዳ አንድም የለበትም። አጥንቱ ሲጠግብ በምን እንደሚታደስ፣ በስንት ሊትር እንደሚሞላ፣ በየመንደሩ ማን እንደሚለካው ገና የሚሠራ ኬሚስትሪ ነው። የሚሠሩትም በየዩኒቨርሲቲያችንና በየውሃ ቢሮው አሉ። ባውድለር ዕድሜያቸውን ያሳለፉበት ፎስፎረስ በዚያ በርሜል ውስጥ ነው፤ በስማቸው የሚሰጠው ሽልማት አንድ ቀን ወደዚያ በርሜል ቢያይ የሚያፍርበት ነገር የለም።